ከሰባት ዓመት በታች የሚሞት የለም

በሰው ሞት እንጀራዬን የበላሁ ሰው ነኝ። ቄስ አይደለሁም፣ መቃብር ቆፋሪ አይደለሁም፣ ወታደርም ሆኜ አላውቅም። የዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ። ዕድሜ ልኬን ያስተማርኩት አክቹዋሪ የሚባለውን ሒሳብ ነው፤ ይኸውም ከሺህ ሰው መካከል በሠላሳ ዓመቱ ስንቱ፣ በስልሳ ዓመቱ ስንቱ እንደሚሞት አስልቶ ለኢንሹራንስ ማቅረብ ማለት ነው። ማን እንደሚሞት አናውቅም፤ ስንት እንደሚሞት ግን እናውቃለን። በዚህች እኩሌታ ዕውቀት ሰው ካባ ለብሶ፣ ፕሮፌሰር ተብሎ፣ በክብር ጡረታ ሊወጣ ይችላል። ለዚህ እኔው ራሴ ምስክር ነኝ።

አንድ ጊዜ በትውልድ አገሬ በአገው ምድር፣ ቆሰበር ገበያ ዳር አጎቴ ሥራህ ምንድን ነው ብለው ያዙኝና ግማሽ ቀን ሙሉ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት አዳምጠው ሲያበቁ የእሳቸውን ቀን እንድነግራቸው ጠየቁኝ። የእርስዎን ለይቼ አላውቅም፣ በእርስዎ ዕድሜ ካሉት ከሺሁ ስንቱ እንደሚሞት ነው የማውቀው አልኳቸው። ሁሉም እንደሚሞቱማ እኔም አውቃለሁ፣ ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ስትማር ኖርክ አሉኝ። በሥራዬ ላይ ብዙ ትችት ቀርቦብኛል፤ መልስ ያጣሁለት የእሳቸው ብቻ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በሃምሳዎቹ መጨረሻ ነው። በሒሳብ ዲግሪ ይዤ እዚያው በተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ረዳት መምህር ተብዬ ተቀጥሬ ነበር። ረዳት መምህር ማለት የተማሪ ደብተር የሚያርም፣ ሰሌዳ የሚያጠፋ፣ በስብሰባ ላይ ወንበር የማይደርሰው ምሁር ማለት ነው። የክፍሉ ኃላፊ ፈረንጅ ነበር። ዝናብ ከማያባራበት አገር መጥቶ በእኛ ክረምት ሲያማርር የሚውል ሰው ነው፤ ሆኖም በሒሳቡ ቀልድ አያውቅም። አንድ ቀን ሁለት ረዳቶችን፣ እኔንና አንድ የአዲስ አበባ ልጅን፣ ወደ ቢሮው ጠራን። አገራችሁ ኢንሹራንስ ልትለምድ ነው አለን። አንድ ሰው ውጭ ተልኮ በአክቹዋሪ ዶክትሬቱን ይሠራል፣ ሲመለስም በዚህ ሙያ የመጀመሪያው ሌክቸረር ይሆናል። ቦታው አንድ ነው፣ እኛ ሁለት ነን። ስለዚህ የአገሩ ሰው በየዕድሜው ስንት እንደሚሞት የሚያሳይ የተሻለ ሠንጠረዥ ሠርቶ ያመጣ ይሄዳል።

እስከዚያ ድረስ ያለን ሠንጠረዥ የእሱ አገር ሠንጠረዥ ነበር። በእሱ ብንሄድ የቆሰበር ገበሬ ወይ ባቡር ገጭቶት ወይ በውስኪ ጉበቱ አልቆ መሞት ነበረበት።

ያንን ቦታ እንዴት እንደፈለግሁት አልደብቅም። ከአጥቢያችን አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩ የመጀመሪያው ሰው ነበርኩ፤ የመጀመሪያ መሆን ደግሞ ሱስ ነው። ቦታው ካመለጠኝ የሚጠብቀኝን አውቀዋለሁ፦ ዳንግላ፣ የተማርኩበት ትምህርት ቤት፣ አምስተኛ ክፍል፣ ክፍልፋይ። ዳንግላን ጠልቼ አይደለም። ክፍልፋይ ነው ያስጠላኝ።

ባልደረባዬ የከተማውን መቃብር መዝገብ ሊገለብጥ በእግሩ ሄደ። እኔ ደግሞ ክረምቱ ሲገባ አንድ ሻንጣ ሙሉ ቅጽ አሳትሜ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተንገጫግጬ ቆሰበር ወረድኩ፤ ከዚያም በተከራየሁት ፈረስ በዘንገና ሐይቅ በኩል ወደ ቤታችን ዘለቅሁ። ቅጹ ያማረ ነበር። የልደት ቀን የሚሞላበት ሣጥን፣ የሞት ቀን የሚሞላበት ሣጥን፣ የሞት ምክንያት የሚጻፍበት ሦስት መስመር አለው። ያንን ቅጽ ሳዘጋጅ እዚያ አገር የተወለድኩት እኔ ሳልሆን ፈረንጁ የሆነ ይመስላል።

ከቤት ወደ ቤት መዞር ጀመርኩ። መጀመሪያ የገባሁበት ቤት ያሉት ሽማግሌ ዕድሜያቸውን ስጠይቃቸው ጥቂት አሰቡና ሠላሳ ይሆነኛል አሉ። አጠገባቸው የተቀመጠው ልጃቸው እኔም ሠላሳ ነኝ አለ። ሁለቱም ይህ ለምን እንደሚያስቸግረኝ አልገባቸውም። የሚቀጥለው ቤት ደግሞ የቤተሰቡን ብዛት ስጠይቅ የባሰ ነገር መጣ። እኛ ዘንድ ሰው አይቆጠርም። ከብት እንኳ በጣት እየተጠቆመ ሲቆጠር ባለቤቱ ፊቱ ይጠቁራል፤ ልጅ መቁጠርማ ዓይን መጥራት ነው። ይህን አሳምሬ አውቅ ነበር። ነገር ግን ከአዲስ አበባ የመጣ ቅጽ ስይዝ የማውቀው ሁሉ ከጭንቅላቴ ወጥቶ ነበር።

በሦስተኛው ቀን፣ ለግብር መሬት ለማስለካት ነው የመጣው የሚል ወሬ ቀደመኝ። ከዚያ ወዲያ በደረስኩበት ሁሉ ከብቱ ወደ ጫካ፣ ልጆቹ ወደ ጓሮ ይነዱ ጀመር። አንድ ጎረቤታችን ስምንት ልጆች እንዳሉት አውቃለሁ፤ ሁለቱን ፊደል ያስቆጠርኳቸው እኔ ነኝ። ሰውየው ዓይኔን እያየ ልጅ የለኝም ብሎ ማለ። ከቀርከሃው አጥር ኋላ ስምንቱም አፋቸውን አፍነው ሲስቁ ይሰማኛል። በቅጹ ላይ፣ ልጅ የለም ብዬ ሞላሁ። ሳይንስ ወደ አጥቢያችን የገባው በዚህ ሁኔታ ነው።

ከዚህ ጉድ ያወጡኝ የነፍስ አባታችን ናቸው። አባ የተጻፈ መዝገብ የላቸውም፣ አያስፈልጋቸውምም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከአጥቢያው የሞተውን ሁሉ በክርስትና ስሙ ያውቁታል፤ ፍትሐቱን ፈትተዋል፣ በጸሎት ያስቡታል፣ ተዝካሩንም በልተዋል። ከሦስቱ ትዝታን የሚያጸናው የመጨረሻው መሆኑን ቶሎ ተረዳሁ። ጠዋት ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ውስጥ እንቀመጣለን፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሙታኑን አንድ በአንድ ያወጡልኛል። እከሌ፣ ጣሊያን ዳንግላ ሲገባ ሚስት አጭቶ ነበር፣ የሞተው ባለፈው ዓመት ነው፣ ሁለት በሬ ታርዶለታል። እከሊት፣ ልጇን በዳረች በዓመቱ፣ ጠላው ቀጥኖ ነበር። ከድግሱ ዓመት ወደ ኋላ አስልቼ ዕድሜውን እጽፋለሁ። አራት ሳምንት ሙሉ ሰው አልቆጠርንም፤ ያሰብነው ሙታንን ስለሆነ ዓይን የሚፈራ አልነበረም።

በመጨረሻው ቀን፣ አባ የቀረ ሰው የለም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። አንድም የቀረ የለም፣ ይህን ሁሉ ሰው እኔው ነኝ የሸኘሁት አሉኝ። እውነታቸውን ነበር።

አዲስ አበባ ተመልሼ መስከረምንና ጥቅምትን እጀታዋ በምትዞር የሒሳብ ማሽን ላይ አሳለፍኩ። ሠንጠረዡ ሲወጣ ልቤ በደስታ ሊቆም ምንም አልቀረውም። ከጉልምስና እስከ እርጅና ቁጥሩ ቀስ እያለ፣ ሳይዘል፣ ሳይወላገድ ይወጣል። እንዲህ ያለ የተስተካከለ መስመር ከመጽሐፍ ውጭ አይቼ አላውቅም ነበር። ከላይ በኩል ደግሞ ከልደት ጀምሮ እስከ ሰባት ዓመት ድረስ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ይላል። አላየሁትም ብል ውሸት ነው። አይቼዋለሁ፤ የሰጠሁትም ትርጉም ጥሩ ነገር ነው የሚል ነበር።

ፈረንጁ ሠንጠረዡን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያም መነጽሩን አውርዶ፣ በእናንተ አገር ከሰባት ዓመት በታች የሚሞት የለም ወይ አለኝ። ያን ጊዜ ምን እንደነካኝ እንጃ፤ ስለ አየሩ ንጽሕና፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ማሩ ንግግር አደረግሁለት። ለአምስት ደቂቃ ያህል ራሴም አመንኩ። ሰውየው ሳይስቅ፣ እንዲያ ከሆነ ጡረታዬን እዚያ እወጣለሁ አለ። ለማንኛውም ለገና ሂድና የላይኛውን መስመር አረጋግጥ፣ ከተረጋገጠ ቦታው ያንተ ነው አለኝ።

ለገና ሄድኩ። መጀመሪያ አባ ዘንድ ገባሁ። ጥያቄዬን ሲሰሙ የተማረ ሰው እንዲህ ይጠይቃል ብለው በሚያዝን ዓይን አዩኝ። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ኃጢአት የለበትም፤ ኃጢአት የሌለበት ተዝካር አያስፈልገውም፤ ክርስትና ሳይነሣ ያረፈውም ከቅጥሩ ውጭ ነው የሚቀበረው። ሙታንን ጠየቅኸኝ፣ ሙታንን ነገርኩህ አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ግልጽ ነበር። እኔም ያደግሁበት ስለሆነ ነው ያልጠረጠርኩት፤ ሌላ አገር የተወለደ ሞኝ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ይጠይቃቸው ነበር።

ወደ ቤት ስመለስ እናቴ ደጅ ተቀምጣ ገብስ ታበጥራለች። እናቴ የምታወራኝ በአገውኛ ነው፤ አማርኛዋን ለገበያና ለዳኛ ነው የምታስቀምጠው። አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ እማ፣ ስንት ነው የወለድሽው አልኋት።

አንተንና እህትህን አለች፣ ሰፌዷን ሳታቆም።

ከእኛ በፊትስ አልኋት። ለእናትህ ልጅ አልበረከተላትም ነበር ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ፤ ዘንድሮ ዝናብ አልበረከተም እንደሚባለው ያህል ነበር የምሰማው። ስንት ናቸው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ሰፌዱን ጭኗ ላይ አሳረፈችና፣ ከእናንተ በፊት አራት፣ በእናንተ መካከል ሁለት አለች። አንደኛው አሥራ አንድ ቀን ነው የቆየው። ሁለተኛዋ እስከ አጨዳው ደረሰች። ሦስተኛው ሁለት ጥርስ አብቅሎ ነበር፣ ይነክሳት ነበር። እንዲህ እያለች ስድስቱንም ነገረችኝ። ከእኔ ቀጥላ የተወለደችው ለመሄድ ግድግዳ ይዛ መቆም ጀምራ ነበር፤ እኔ እጇን እይዛት እንደነበር ነገረችኝ። እኔ ግን ምንም ትዝ አይለኝም።

የሰው ሞት እቆጥራለሁ ብዬ አገር ለአገር የዞርኩት ሰውዬ፣ በገዛ ቤቴ ስድስት ሰው ሞቶ አላወቅሁም። በጣም አፈርኩ። ማፈሬን የምደብቅበት ሌላ ነገር ስላጣሁ ደብተሬን አወጣሁና ስም ነበራቸው ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«ሦስቱ ክርስትና አልደረሱም» አለች። «እኔ ግን ለሁሉም አውጥቼላቸዋለሁ። ስም የሌለውን ልጅ ምን ብዬ ላባብለው?»

ስጽፍ እጄን እያየች ቆየችና ወዴት እንደምወስዳቸው ጠየቀችኝ። ውጭ አገር ድረስ በሚሄድ ወረቀት ላይ እንደሚታተሙ ነገርኋት። ይህን ጊዜ ፊቷ ላይ የመጣውን ነገር እስከ ዛሬ በትክክል ልገልጸው አልችልም። ደስታ አልነበረም፣ ግን ወደዚያ የሚጠጋ ነገር ነበር።

«ትጽፋቸዋለህ ታዲያ?»

«እጽፋቸዋለሁ፣ እማ።»

ገብሱን ሳትጨርስ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣችና ወደ ጎረቤት ይዛኝ ሄደች። ልጅ የለኝም ብሎ ወደ ማለልኝ ሰውዬ ቤት ነበር መጀመሪያ የወሰደችኝ። ለሚስቱ በጆሮዋ አንድ ነገር ነገረቻት፤ ሴትዮዋ በሩን ዘጋችና የአራት ልጆቿን ነገር አወጋችኝ። ባልየው ደጅ ቆሞ ምን እንደምናደርግ አያውቅም ነበር። በማግሥቱ ወሬው ከምንጩ ዙሪያ ተሰማና ሴቶች ራሳቸው ይመጡ ጀመር። ለአራስ ልጅ ድንኳን አይጣልም፣ ለቅሶ አይቆምም፣ ስለዚህ የሚናገሩበት ቦታ ኖሯቸው አያውቅም። የቆጠራ ፍርሃት የሚባል ነገር አልነበረባቸውም፤ ሞቶ የቀረን ልጅ ዓይን አይበላውም። ዕድሜ ላይ ደግሞ የሚያህላቸው የለም። የባላቸውን ዕድሜ በሃያ ዓመት የሚሳሳቱ ሴቶች የልጃቸውን በቀን ይነግሩኛል፤ ዘጠኝ ቀን፣ አርባ አንድ ቀን፣ ሁለት ዓመት ከፋሲካ እስከ ፍልሰታ። በሠላሳ ዓመት የሙያ ዘመኔ ከዚያ የጠራ መረጃ በእጄ ገብቶ አያውቅም። ደብተሩ ሲሞላ ከአባ ዝርዝር ይበልጥ ነበር።

ወደ አዲስ አበባ የተመለስኩት የጀግና ስሜት እየተሰማኝ ነው። የሠንጠረዡ ላይኛ መስመር አሁን ዜሮ አልነበረም። ያ የተስተካከለ መስመር ከገደል እንደሚወረወር ድንጋይ ሆኖ ይጀምራል። ፈረንጁ ይህን ሲያይ ይደነግጣል፣ ከዚያም እጄን ይጨብጠኛል ብዬ ነበር።

ደነገጠ። ቁጥሩን አንድ በአንድ አየ፤ ክፉ ሰው እንዳልነበረ እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። ከዚያ ግን መምህር ስለሆነ ማስረዳት ጀመረ። የአባ ዝርዝር ቢያንስ የሃይማኖት ሰው ቃል ነው፤ ይኼኛው ግን የሴቶች ወሬ ነው፣ ማንም ጉባኤ አይቀበለውም አለ። ሁለተኛ፣ ለአራስ ልጅ የሕይወት ኢንሹራንስ የሚገዛ የለም። ስለዚህ የማያስፈልገንን መስመር ትተን ሠንጠረዡን ከሰባት ዓመት እንጀምረዋለን። በብዙ አገር የሚታተም ሠንጠረዥ እንዲያውም ከልጅነት በላይ ነው የሚጀምረው፤ ስህተት የለበትም አለኝ። አልተሳሳተም፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ለተማሪዎቼ እንደዚያው ነው ያስተማርኩት።

የግርጌ ማስታወሻ እንኳ ብንጽፍ አልኩት። ገጽ ይበዛል አለኝ። ባልደረባዬ የመቃብሩን መዝገብ ሲገለብጥ ሕፃናቱን አንድም ሳይተው አስገብቷል፣ መስመሩም ተወላግዶ ለማተም የሚበቃ አልሆነም፤ አንተ ግን የምትታረም ሰው ነህ ብሎ ጨመረልኝ። በዚያች ቀን የሰጠሁት መልስ በአካዳሚ ሕይወቴ ካቀረብኳቸው ማረጋገጫዎች ሁሉ አጭሩ ነው። እሺ አልኩ። ባልደረባዬ ከወራት በኋላ ወደ አንድ ክፍለ ሀገር ተመደበ፤ ክፍልፋይ ሲያስተምር እንደነበር ሰምቻለሁ።

ወረቀቱ ታተመ። በግሩም ነጭ ወረቀት፣ ስሜ ላይ ሳይሆን ቁጥሩ ላይ ዓይን በሚያርፍበት ሁኔታ። ከጉዞዬ በፊት ለስንብት ወደ ቤት ስሄድ አንድ ቅጂ ያዝኩ። ባልይዘው ይሻል ነበር፤ ነገር ግን የመጀመሪያ መሆን ሱስ ነው ብያለሁ፣ እናቴ እንድታየው ፈለግሁ።

አላነበበችም፤ ማንበብ አትችልም። እጇን ታጥባ፣ በቀሚሷ አድርቃ፣ ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። አንድ ሁለቴ አገላበጠችው።

«የታሉ?» አለች።

ጥያቄው እንደሚመጣ ከቆሰበር ጀምሮ በፈረስ ላይ ሆኜ ሳስብበት ነበር። የሚታተም ሠንጠረዥ ለምን ከሰባት ዓመት እንደሚጀምር፣ ኢንሹራንስ ምን እንደሚፈልግ፣ ፈረንጁ ምን እንዳለ በአገውኛ አዘጋጅቼ ነበር። ያንን ሁሉ ትቼ ገጹን ገለጥኩና ጣቷን ይዤ ከመጀመሪያው መስመር በላይ፣ ሰባት ከሚለው ቁጥር በላይ ባለው ባዶ ወረቀት ላይ አሳረፍኩት።

«እዚህ ናቸው» አልኋት።

«ስድስቱም?»

«ስድስቱም።»

ጣቷን ትንሽ ትንሽ ፈቀቅ እያደረገች፣ ለእያንዳንዱ ቦታ እየሰጠች፣ ከመጀመሪያው ጀምራ ባወጣችላቸው ስም ጠራቻቸው። ስትጨርስ ቅዱስ መጽሐፍ እንደሚሳለሙት ያንን ባዶ ቦታ በግንባሯ ነክታ ሳመችው፤ ከዚያም ቀና ብላ እኔን ሳመችኝና ተባረክ አለችኝ።